መነሃሪያው በሙሉ ለጦና አጨበጨበ

መነሃሪያው በሙሉ አጨበጨበለት! ሹፌር በሉ፣ ረዳት በሉ፣ ሙዝ ሻጭ በሉ፣ ሁሉም ለወንድሜ ለጦና! የአንድ ለአምስት ቡድኔ ልጆች «ቀደዳሽን ተዪ» አሉኝ። እውነቴን ነው!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ጦና ታላቄ ነው። ቁመቱ በር ያክላል፣ ግን አያወራም፣ ነገር የሚገባውም እንደ ትንሽ ልጅ ነው። ደስ ያለውን ዕቃ ብድግ ያደርጋል። ሲመልስ ታዲያ ቤታችን ልክ እንደ ቸርች «ሃሌሉያ!» ብለን እናጨበጭብለታለን። ያኔ ፊቱ ሲበራ ብታዩት!

ቅዳሜ ገሱባ አክስታችን ጋ ልንሄድ መነሃሪያ ገባን። ሚኒባስ ልጠይቅ ዞር ስል «ሌባ! ሌባ!» ተባለ። ሳይ ጦና! የአንዲት ሴትዮ ቀይ ቦርሳ ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ከበቡት። አንዱ ረዳት ዱላ ይዞ መጣ።

«አትምቱት! አይገባውም፣ ወንድሜ ነው!»

«ወንድምሽ ከሆነማ አብረሽ ነው የምትሰርቂው!»

ሌላው እጁን ጎተተው። ጦና ሲጎትቱት ይብስበታል። ቦርሳውን ጭምቅ አድርጎ መጮህ ጀመረ። ረዳቱ ዱላውን አነሳ።

«ኢሻ!» አልኩት፣ በወላይትኛ «ወንድሜ» ማለቴ ነው። «ኢሻ፣ ለእትዬ ስጥ፣ ሃሌሉያ እንልሃለን!»

እኔን አየ። ሴትዮዋን አየ። ዱላው አሁንም ከላይ ነው። ቀስ ብሎ ቦርሳውን ዘረጋላቸው።

«ሃሌሉያ!» ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሴትዮዋ ሳቁና «አሜን! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብለው አጨበጨቡ፣ ከዛ ሁሉም። ረዳቱ እንኳን፣ ዱላውን ብብቱ ስር ወትፎ!

ጦና ጥርስ በጥርስ ሆነ። ከዛ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የረዳቱን ኮፍያ ከራሱ ላይ መንጭቆ እኔን ያየኛል፣ ጭብጨባ እየጠበቀ!

ያኔ ነው የገባኝ። ሁልጊዜ የምናጨበጭብለት ሲመልስ ብቻ ነው። ሳይነካ ሲያልፍ ማንም ጎበዝ ብሎት አያውቅም። ለካ የሚያነሳው ሊመልስ ነው!

ረዳቱ ሳቁ ጠፋ። «አንቺ፣ ይቀልዳል እንዴ ይሄ?» ምን ላድርግ፣ ኮፍያውን ሲመልስ አጨብጭቤለት እጁን ይዤ ወጣሁ። ገሱባም ቀረ።

እማዬ ስትሰማ «ሰው ይገድልብኛል፣ ከቤት አይወጣም፣ ይዘጋበት» አለች። ለምኜ ለምኜ «እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አስተምሪው፣ ያን ቀን መነሃሪያ ወስደሽው የሰው ዕቃ ሳይነካ ከተመለሰ አልዘጋበትም» አለችኝ።

ትናንት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። እጁ ወደ ሳሙናው ሄደ... ሄደ... ተመለሰ። ሳይነካ! መንገድ ላይ እንደ እብድ አጨበጨብኩ። ግራ ገባው፣ ከዛ ሳቀ። ዛሬ ግን እዛው ሱቅ ክብሪት አነሳ። አላጨበጨብኩም። አልመለሰም፣ ባለሱቁ ነው ከእጁ የነጠቀው።

ነገ ቅዳሜ ነው። ያ ረዳት ከነዱላው እዛው ነው። ካልወሰድኩት ደግሞ እማዬ በሩን ትዘጋበታለች። እናንተ ብትሆኑ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ?