ቀዩ ላስቲክ

ልሸኝህ ነው ያሉት፣ ልሸኝህ፣ እሱን እኮ ነው እስካሁን ያልገባው፣ ሃምሳ ሊደፍን ምንም ያልቀረው ሰው፣ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ጭኖ ከተማውን ሲያካልል የሚውል ሾፌር፣ በሚስቱ እናት ተሸኝቶ ማሳጅ ቤት ይመጣል፣ ማሳጅ ቤት አትበል፣ ነግራሃለች ልጅቷ፣ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው ጋሼ ብላሃለች፣ እሺ ክሊኒክ፣ ቆይ ግን ክሊኒክ ሲሆን ሱሪ ማውለቁ ይቀራል እንዴ፣ ይኸው ሱሪው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ እሱ በሆዱ ተዘርግቷል፣ ፎጣ ጣል ተደርጎበታል፣ ፊቱ ደግሞ አልጋው ራስጌ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ ወለል ወለሉን ያያል። ግራጫ ወለል። ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ጫማ አለ፣ የልጅቷ ነጭ ጫማ፣ ከፊቷ ይልቅ ጫማዋን ያውቀዋል፣ ግራው ጫፉ ላይ ቡናማ ጠብታ አለበት፣ ጫማው ወደ አልጋው ከተጠጋ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው፣ ክብደቷን ወደ ጣቷ ልታመጣ ነው ማለት ነው፣ ቀጭን ልጅ ናት እኮ፣ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል፣ አውራ ጣቷን ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ጣት አይደለም የመኪና ክሪክ ነው፣ ይኸው፣ ጫማው ተጠጋ፣ ወይኔ፣ ከዳሌው ስር ጀምራ የጭኑን የኋላ ጡንቻ እየተከተለች ትወርዳለች፣ አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ፣ በምን እንደምታውቀው እንጃ።

እዚህ ጋ ያምዎታል ጋሼ? አያመኝም ይላል። ውሸታም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አንዷ ዘለላ ግራጫው ወለል ላይ ጠብ ብላለች፣ እንዳታያት፣ ነጩ ጫማ ቢረግጣት ይሻላል፣ ምንም አያመኝም ዶክተር፣ ዶክተር አይደለሁም ጋሼ፣ እሺ እህቴ፣ አያመኝም፣ ለቅዳሜ ደርሻለሁ።

ቅዳሜ። ቅዳሜ ሾፌሮች ከመካኒኮች፣ ዓመቱን ሙሉ የሚወራው ጨዋታ፣ እሱ ደግሞ የቀኝ መስመር ተከላካይ፣ ሁለት ቁጥር፣ ማሊያዋ በጀርባው ቅርጽ የወጣች፣ ልምምድ ላይ ነው የተጎዳው፣ ሊወጣ የነበረ ኳስ፣ ማንም የማይፈልገው ኳስ፣ ለምን ሮጥክ፣ አሰልጣኙ ስላየው ነዋ፣ ጭኑ ውስጥ አንድ ነገር ቷ ሲል እሱ ጎማ የፈነዳ መስሎት ወደ መንገዱ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወደቀ። የቡድኑ ወጌሻ ውሃ ረጭቶበት ተነስ ምንም የለህም አለው፣ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። እና በቦታው ማን ገባ? የሚስቱ ወንድም። ጄት። ገና ማመላለሻ መኪና ከያዘ ዓመት ያልሞላው፣ ፀጉሩን በቅባት ያቆመ፣ ከአድማስ አድማስ የሚሮጥ፣ ኳሱን የት እንደሚወስድ ግን የማያውቅ ጄት፣ ዛሬ መናኸሪያው በሙሉ ጄት ጄት ይላል፣ ሻይ ቤት ጄት፣ ነዳጅ ወረፋ ላይ ጄት፣ ጎበዝ፣ ሰው አንዴ እግሩን ቢያመው እንዲህ ይረሳል እንዴ።

ይረሳል። በረኛ የነበረው ሰውዬ ትዝ ይለዋል፣ ወገቡን አሞት እስኪሻለው ልረፍ ብሎ የተቀመጠው፣ እስኪሻለው ሌላ በረኛ ተገኘ፣ አሁን ውሃ ያመላልሳል፣ እረፍት ላይ ጠርሙስ ሲያቀብል ሳቅ ሳቅ ይላል፣ ሳቁ ግን ልክ አይደለም። ይፈራል፣ እውነቱ እሱ ነው፣ የሚያስፈራው እግሩ አይደለም፣ ያቺ ጠርሙስ ናት የምታስፈራው።

እና አሁን ገባህ? አማትህ ለምን እንደመጡ? የጄት እናት ናቸው እኮ፣ በሥጋ እናቱ፣ አንተ የልጃቸው ባል ብቻ ነህ፣ ማታ እራት ላይ እስቲ ልጁም ይጫወት ብለው አልነበር፣ እያጣጠፉ፣ ምኑን፣ የጄትን ቁምጣ፣ በገዛ ቤትህ፣ በገዛ ሳሙናህ የታጠበ ቁምጣ፣ ይኸው አሁን ውጪ ተራ መጠበቂያው ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፣ ቦርሳውን ልያዝልዎ እማማ ቢላቸው እምቢ አሉ፣ ምን አለ እዚያ ቦርሳ ውስጥ፣ ለልጅቷ የሚነግሯት ነገር አላቸው፣ ይኼ ሰውዬ ገና አልዳነም፣ ሌሊት ሲገላበጥ ያቃስታል፣ እንዳታሰልፊው፣ ሊሏት ነው። ደግሞ እንዴት እንደቸኮሉ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል ሲባል እሱ ብራቮ ብሎ ነበር፣ ይመለሳሉ ብሎ፣ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፣ እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥለውት ወጡ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ጠበቁት፣ አይዞህ እያሉ። ሽንት ቤት የቸኮሉ መስሎት ነበር።

መልመጃውን ግን በደንብ እየሠሩ ነው? ትላለች ልጅቷ፣ አውራ ጣቷ እዚያችው ቦታ ላይ ቆሟል። በሚገባ ይላል። ጠዋትም ማታም? ጠዋትም፣ ማታም፣ ሲመቸኝ ቀንም። ላስቲኳንስ ይጠቀማሉ? ያለሷማ መች ይሆናል። ጣቷ ከጡንቻው ጋር የሚነጋገር ይመስላል፣ ጡንቻው ደግሞ አፉን የማይጠብቅ ነው፣ ምን እያላት ነው።

ቀዩ ላስቲክ፣ እግሩን እየሳበ እንዲያጠነክርበት ልጅቷ የሰጠችው። ምን ብሎ ይንገራት፣ የመጀመሪያው ዕለት ማታ እንዳለችው ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረው፣ ሌላኛውን ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አጠለቀው፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ተረከዙን ወደ ኋላ አንዴ ሳበ፣ አንዴ፣ ነፍሱ ልትወጣ ነበር፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ጨዋታ ጀመረ፣ ከዚያ ነገ፣ ከዚያ በማግስቱ አማቱ ከክፍላቸው ወጥተው ይኼ ምንድነው አሉት፣ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ከመሥራት መቼም ይቀላል፣ ወንበር አመጣላቸው፣ አስቀመጣቸው፣ እንደ አሰልጣኝ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብለው ይሳቡ እማማ፣ ሲመለስም ቀስ፣ ሲመለስ ነው ዋናው፣ አይልቀቁት፣ ይቁጠሩ፣ ጉልበቴ እኮ አሉት፣ ለጉልበትም ይሆናል አላቸው፣ ማን እንደነገረው እንጃ፣ አፉ ላይ መጣለት። ከዚያ ወዲህ ላስቲኩን አላየውም። ጠፋ። ሲጠፋ እንዴት ደስ እንዳለው፣ ሚስቱ አንስታው ይሆናል ብሎ አልጠየቀም፣ ጠፋብኝ ማለት ሰነፍኩ ከማለት ይሻላል።

በሩ ይንኳኳል። ልጅቷ ግቡ ሳትል ይከፈታል። ግራጫው ወለል ላይ ጥቁር ሸራ ጫማ ይገባል፣ ያውቀዋል፣ ባለፈው ዓመት ራሱ የገዛላቸው ነው፣ አለቀልህ።

እማማ፣ ልብስ አልለበስኩም እኮ፣ ይላል ለወለሉ። አንተን ማን አየህ፣ ተኛ ይላሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ይቅርታ ልጄ ሥራ አስፈታሁሽ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ይጠይቁ እማማ ትላለች። የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ይሰማል፣ ይኸው መጣ፣ ጥፍሩን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይተክላል፣ ቀና ቢል ፎጣው ሊወድቅ ነው፣ ባይል ደግሞ ሊሸጡት ነው፣ አንድ ነገር እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ጥቁሩ ጫማና ነጩ ጫማ መሀል፣ ተጠቅልሎ፣ ተልፈስፍሶ።

ቀይ ነው።

ላልቶብኛል ይላሉ አማቱ፣ አሁን ስስበው ምንም አይለኝም፣ ውጪ የተቀመጠው ሰውዬ አረንጓዴ ይዟል፣ ጠንከር ይላል አለኝ፣ እሱን ብትሰጪኝ ብዬ ነው። አውራ ጣቷ ጭኑ ላይ እንደቆመ ነው፣ አይጫንም፣ አይነሳም። በዚህ ላስቲክ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት? ትላለች። እኔ ነኛ። እሳቸውስ?

በያት፣ ይላል በልቡ፣ አብረን ነው የምንሠራው በያት እማማ፣ አንድ ጊዜ ዋሽልኝ፣ ዕድሜ ልኬን አልረሳልሽም፣ በልቡ ሲለምን አንቺ ማለቱን እንኳ ልብ አላለም።

እሱማ አስተማረኝ ይላሉ አማቱ፣ ድምፃቸው ውስጥ ተንኮል የለም፣ ቢኖር ይሻለው ነበር፣ ቁጭ አድርጎ፣ ሳይሰለች፣ ሲመለስ ነው ዋናው ብሎ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነው፣ እኔ እኮ ልጄ ደረጃ መውረድ ትቼ ነበር፣ ከቤት ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ሰው አስቸግራለሁ እያልኩ መስኮት ላይ ነው የምውለው፣ ዛሬ በእግሬ መጣሁ፣ በእሱ ነው።

መስኮት ላይ። ጠዋት መኪናውን ሊያወጣ ሲወጣ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ናቸው፣ እጁን ያነሳላቸዋል፣ ያነሱለታል፣ ንፋስ መቀበል የሚወዱ ነበር የሚመስለው፣ አንድ ቀን ለምን ብሎ አልጠየቀም፣ ከተማውን ሙሉ ሰው የሚያመላልስ ሰው፣ ሁሉን ውረዱ ውጡ የሚል ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ያለችውን አንዲት መንገደኛ አላየም። ያፍራል። አሁን ያፈረው ሱሪው ስለወለቀ አይደለም፣ ሌላ እንባ ወለሉ ላይ ጠብ ይላል፣ ይቺኛዋን ግን የልጅቷ ጣት አላመጣትም።

ሱሪዎን ይልበሱና ይምጡ ጋሼ ትላለች ልጅቷ። መጋረጃ ጀርባ ይለብሳል፣ ይወጣል፣ ወንበር ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ፣ በተጎዳው እግር ብቻ ይነሱ፣ ቀላል ነገር ነው፣ ይነሳል፣ ሊነሳ ይሞክራል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጭኑ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል፣ ጥግ ላይ ለማሳያ የቆመው የፕላስቲክ የሰው አጽም ነው ያተረፈው፣ ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያዘው፣ አጽሙ እጁን የጨበጠው ይመስል ሁለት ጊዜ ተወዛወዘና ረጋ። አማቱ አልሳቁም። እኔስ ልሞክር ይላሉ፣ ቦርሳቸውን ያስይዙታል፣ ይቀመጣሉ፣ ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ክንዳቸውን ያጣምራሉ፣ ይነሳሉ። እንዲሁ። ዕቃ ሊያወርዱ የተነሱ ይመስል። ከዚያ ቀስ ብለው ይመለሳሉ፣ ሲመለስ ነው ዋናው።

ልጅቷ ሁለቱንም ታያለች፣ ፊቷ አይፈታም፣ ጋሼ ቅዳሜ አይጫወቱም ትላለች፣ ከሮጡ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ መንዳቱም ይቀራል። ወደ አማቱ ትዞራለች። እርስዎ መሰለፍ ይችላሉ።

አረንጓዴውን ሰጠቻቸው። ቀዩን ከወለሉ አንስታ፣ አራግፋ፣ ለእሱ።

ደረጃው ላይ አማቱ ይቀድማሉ፣ አረንጓዴው ላስቲክ አንገታቸው ላይ እንደ ሻርፕ ተጠምጥሟል፣ እሱ የብረቱን መደገፊያ ይዞ ይከተላል፣ ቅዳሜ ሰው ምን ይላል፣ አሰልጣኙ ምን ይላል፣ ጄት ማሊያዋን ሲለብስ አንገቷን ያሰፋታል፣ ውሃ አቀብል እንዳይሉኝ ብቻ፣ ውሃ አላቀብልም፣ እማማ፣ ይላል ሳያስበው፣ ልጅዎ እንዲጫወት ፈልገው የመጡ መስሎኝ ነበር። ይቆማሉ፣ ዞር ብለው ያዩታል። የኔ ልጅ? ይላሉ፣ የኔ ልጅ ኳስ የት ያውቃል፣ ይሮጣል እንጂ፣ ራሴ በመስኮት ሳየው ያደገ ልጅ አይደለም እንዴ፣ ኳሱን ጥሎ ነው የሚሮጠው፣ ቶሎ ዳንና ቦታህን ያዝ።

ደስታ ይሁን ምን እንጃ፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ላላ ይላል፣ ቅዳሜ የለም፣ እሺ፣ ሌላ ቅዳሜ አለ፣ ማታ ወንበር ይመጣል፣ ሁለት ወንበር፣ ጠረጴዛው አራት እግር አለው፣ ይበቃል። የሚቀጥለውን ደረጃ በተጎዳው እግር ይረግጣል፣ ጭኑ ያችን ቦታ ይነግረዋል፣ ፊቱን እንዳይለውጥ ይሞክራል፣ አልቻለም። አማቱ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይመለሳሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

ያምሃል? ይላሉ።

አያ— ሊል አፉ ተከፍቷል፣ የለመደ አፍ፣ እጃቸውን ያያል፣ ጥቁሩን ሸራ ጫማ ያያል፣ እዚህ ደረጃ ላይ ፊቱን የሚደብቅበት ቀዳዳ የለም፣ ፊት ለፊት ናቸው።

ያመኛል እማማ።

እጁን ይይዛሉ። ቀስ በል እንግዲህ ይላሉ፣ እኔ አልቸኩልም።