ለመህረንጌዝ የተተወ መብራት

በብርዱ ወራት የያርኹን ወንዝ በረዶ ይሆንና ወደ መንደራችን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚደርሰው ውኃ ለአንድ ወፍጮ እንኳ አይበቃም። በዚያ ዓመት ያቺን ጥቂት ኃይል ለእህቴ ለመህረንጌዝ ተውንላት። ሳንባዋ ስለደከመ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነበር። መንደሩ አምፖሉን አጥፍቶ ኩራዝ ለኮሰ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሻይ የሚያፈላ ሰው ጠፋ። እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም፤ "ሳምንት አይዘልቁም" ብዬ ነበር።

ባሏ ወልያር የማመንጫው ሠራተኛ ነው። ነፍሱ ያለችው እሷ ዘንድ ሆኖ ሳለ ከተርባይኑ አይለይም፤ ቦዩ ውስጥ የሚጋገረውን በረዶ ካልሰበረ የምትተነፍስበት ማሽን ይቆማላ። እኔም አካፋ ይዤ አግዘዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ሂድና እያት፤ በረዶውን እኔ እሰብራለሁ" አልኩት።

"አንተ? ባለፈው አካፋውን ለወንዙ የሸለምከው?"

"አሁን ይሄ ይረሳ እንጂ! ሂድ ስልህ!"

"ይቺን ልጨርስና እሄዳለሁ።"

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ተርባይኑ በድንገት አቃሰተ። ሮጠን ገባን። መንደሩ የሚወስደውን ኃይል የሚያሳየው፣ ሰሞኑን ከታች ተጣብቆ የከረመው የቆጣሪ መርፌ ሽቅብ ወጥቷል። መንደር ውስጥ ብዙ ሰው አብርቷል ማለት ነው። ደሜ ፈላ።

"አላልኩህም! ከሰው ትንፋሽ ሻያቸው በለጠባቸው? የማን ቤት እንደሆነ ባውቅ ሽቦውን በጥርሴ እበጥሰው ነበር!"

ወልያር በሩን ከፍቶ ወደ መንደሩ አየ። በእህቴ ቤት ዙሪያ ያሉት መስኮቶች ሁሉ በርተዋል።

"አትስደባቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "እሷ እየተነፈሰች አንዳቸውም አያበሩም።"

ያኔ ገባኝ። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከእሷ ሌላ እህት አልነበረኝም።

ወልያር ጓንቱን አውልቆ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ለግንዘቷ ማጠቢያ በየምድጃው ውኃ እያሞቁ ነው" አለ። "ቦዩን አደራ። መብራቱ እንዳይጠፋባቸው።"

እሱ ዳገቱን ወጣ። እኔም እህቴ በቀዝቃዛ ውኃ እንዳትታጠብ በረዶውን እየሰበርኩ ቀረሁ።