እስከ መተሐራ የሚያቀዘቅዝ መኪና

ያደሳ ሰርጉን በስልክ ሲያበስራት ዊዳድ መጀመሪያ የጠየቀችው ቀኑንና ቦታውን ነው። ሰርጉ በሚያዝያ መጨረሻ እሁድ፣ መተሐራ ነው። በሚያዝያ የመተሐራን ሙቀት የማያውቅ የለም።

"ብትቀሪም አልቀየምሽም" አላት ያደሳ። "ግን ሳልጠራሽ ማግባት አልሆነልኝም።"

"እመጣለሁ" አለችው።

ከአራት ዓመት በፊት ያደሳ ኮልፌ፣ እነዊዳድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቡታጋዙ ጎማ ጋዝ አፈትልኮ ዊዳድ ማድ ቤት ውስጥ ሳለች እሳቱ ሲነሳ፣ በሩን በትከሻው ገንጥሎ የገባው እሱ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አወጣት። ታላቅ ወንድሟ ኢብራር ከአንሶላ ሱቁ ሮጦ ሲደርስ ግቢው ውስጥ ጭስ ብቻ ነበር ያገኘው። ሆስፒታል ሲደርስ ደግሞ እህቱ አልጋ ላይ ናት፣ ያደሳ ሁለት እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ኢብራር ያን ቀን ማመስገኛ ቃል ፈልጎ አጣ። ከዚያም በኋላ አላገኘም። ያደሳም ብዙ ሳይቆይ ሥራ አግኝቶ መተሐራ ገባ።

ዊዳድ ዳነች። ጀርባዋ፣ አንገቷና ሁለቱ ክንዶቿ ከጭኗ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈኑ። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ አስቀምጦ መከራት። "ይሄ ቆዳ አያልብም። ሰው ደግሞ የሚቀዘቅዘው በላብ ነው። ሙቀት ውስጥ ብዙ ከቆየሽ ሰውነትሽ ሙቀቱን የሚያወጣበት መንገድ የለውም። ይሄን መቼም እንዳትረሺ።" ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ቤቴል አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። አንድ የካቲት ቀትር ላይ ግን አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ኢብራር ጠዋት በነጯ መኪናው ያደርሳታል፣ ከሰዓት ይመልሳታል። ሌላው ሰው የመኪና ኤሲ ቅንጦት ነው ይላል። እነሱ ቤት ግን እንደ መድኃኒት ነው የሚታየው።

ስለዚህ ሰርጉን ሲሰማ "እኔ እወስድሻለሁ" አለ ኢብራር። "መንገዱን ሁሉ ኤሲ ከፍተን እንሄዳለን። እዚያም ፀሐይዋ እስክትበርድ መኪናው ውስጥ ትቆያለሽ።"

ሰርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ኤሲው መስነፍ ጀመረ።

ሰኞ ከቤቴል ሲመለሱ መንገድ ተዘጋግቶ ነበር። መጀመሪያ ደህና ያቀዘቅዝ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ከዳሽቦርዱ የሚወጣው አየር እየሞቀ ሄደ። ኢብራር መስኮቱን ዝቅ አደረገው። በነጋታው በራሱ ሠራ፤ ከቆይታ በኋላ ደግሞ ጠፋ። ረቡዕ ሰፈሩ ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አየና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ኮምፕሬሰሩ ሞቷል" አለው። "ቀይረው።"

ኮምፕሬሰር ማለት ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው፣ የኤሲው ልብ ነው። ኢብራር ሐሙስን ሙሉ መለዋወጫ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ዋለ። ለዚህ መኪና የሚሆን አልተገኘም። አንዱ ነጋዴ "በሁለት ሳምንት አስመጣልሃለሁ" አለው። ሰርጉ ሦስት ቀን ነው የቀረው።

ለዊዳድ አልነገራትም። ዓርብ ከሰዓት ግን እንደ ልማዱ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ ዞር ብላ አየችው።

"ሳምንቱን ሙሉ መስኮት የምትከፍተው ለምንድን ነው?"

"ንፋሱ ደስ ብሎኝ።"

"ኢብሮ።"

ነገራት። ከሻሿ ጫፍ ክር እየመዘዘች ሰማችው። "ለያደሳ ራሴ እደውልለታለሁ" አለች በመጨረሻ። "እሱ ይገባዋል። አንተ ሂድልኝ።"

"እኔ ብቻዬን ሄጄ ምን ልሠራ?" አለ ኢብራር።

ማታ እናታቸው ወይዘሮ ሰዓዳ የሁለቱንም ፊት አይተው ጠየቁ። ኢብራር ሁሉንም ዘረዘረላቸው። ሌሊት ተነስተን በቅዝቃዜው እንሂድ የሚል ሐሳብም አነሳ። እሳቸው ግን ስለ ሌሊት መንገድ መስማትም አልፈለጉም።

"ሞቷል ያለህ ሰውዬ ፈትቶ አየው?" አሉት።

"አልፈታውም።"

"ታዲያ ሳይፈታ መሞቱን በምን አወቀ? ጋሽ የኔሰው ዘንድ ውሰደው። የአባትህን ፒካፕ ሃያ ዓመት ያቆየው እሱ አይደል?"

ጋሽ የኔሰው ከአየር ጤና ታክሲ ተራ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ቅዳሜ ማለዳ ኢብራርና ዊዳድ ሲደርሱ ሽማግሌው ሻይ እየጠጡ ነበር። ኮፈኑ ሲከፈትላቸው እንኳ ከወንበራቸው አልተነሱም።

"መቼ ነው የሚጠፋው?" አሉ።

"ከግማሽ ሰዓት፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ" አለ ኢብራር።

"ጠዋት ስታስነሳው ግን ይሠራል።"

"በደንብ ነው የሚሠራው።"

"እንግዲህ የሞተ ነገር ጠዋት ጠዋት አይነሳም" አሉ ጋሽ የኔሰው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "አስነሳውና ኤሲውን ክፈት። እስኪጠፋ እንጠብቃለን።"

ለዊዳድ ጥላ ውስጥ ወንበር አወጡላት። አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አዩት፤ ግን አልጠየቋትም። እሷው ራሷ ናት የት እንደሚሄዱና ለምን ኤሲው እንደሚያስፈልጋት የነገረቻቸው። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ኤሲው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። ጋሽ የኔሰው ኢብራርን በጣታቸው ጠሩት።

"ና እይ። ይሄ ቺንጊያው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ የሚያሽከረክረው ክብ ብረት ፑሌጃ ይባላል። ይዞራል አይደል? ከፊቱ ያለችው ሳህን ደግሞ ቆማለች። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው ማግኔቱ ይቺን ሳህን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ሲያጣብቃት ነው። አሁን እየሳባት አይደለም።"

"ተበላሽቷል ማለት ነው?"

"ቆይ።" ከጥግ የመጥረጊያ እንጨት አነሱ። "አንቺ መኪናው ውስጥ ግቢና እጅሽን አየሩ የሚወጣበት ላይ አድርጊ" አሏት ዊዳድን። ከዚያ ኢብራርን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ የሚሽከረከረውን ነገር እንዳይነኩ ተጠንቅቀው የቆመችዋን ሳህን በእንጨቱ ጫፍ ገፋ አደረጓት።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳህኗ ተጣብቃ አብራ መዞር ጀመረች።

ትንሽ ቆይቶ የዊዳድ ድምፅ ከውስጥ መጣ። "መጣ። ቀዝቃዛ ነው።"

ኢብራር መኪናውን ተደግፎ ቆመ።

"ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ነው" አሉ ጋሽ የኔሰው ሞተሩን እያስጠፉ። "ሳህኗ በጊዜ ብዛት ተበልታ ከፑሌጃው ርቃለች። ማግኔት ደግሞ ሲሞቅ ይደክማል። ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ከርቀትም ይስባታል፤ ሲሞቅ አይደርስባትም። ማቀራረብ ነው።"

መሐል ላይ ያለውን ብሎን ፈቱ፤ ሳህኗን አወጡ። ከሥሯ ሁለት ቀጫጭን ሮንዴላዎች፣ ቀለበት መሳይ ብረቶች፣ ነበሩ፤ አንዷን በካቻቢቴ ጫፍ አንስተው ዘይት የነካው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ከጥፍር አትወፍርም። ይቺን አስቀርተው፣ ሳህኗ ወደ ፑሌጃው እንድትቀርብ ሌላዋን ብቻ መልሰው ገጠሙ፣ ክፍተቱን ለኩ፣ ሳህኗን በእጃቸው አዙረው የትም እንደማትነካ አረጋገጡ፣ ብሎኑን አጠበቁ። ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

ኢብራር ለማመስገን አፉን ሲከፍት በእጃቸው አስቆሙት።

"ገና ነው። ልቤ ካላረፈ አልለቃችሁም። እስከ ቤቴል ውጡ፣ ተመለሱ፣ ከዚያ አየር ጤና መጨናነቁ ውስጥ ግቡና ቁሙ። ቀኑም እየሞቀ ነው፤ ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ካልጠፋ ተመልሳችሁ ንገሩኝ።"

ቤቴል ወጥተው ተመለሱ። አየር ጤና ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሚኒባሶች በግራም በቀኝም ተጠግተዋቸው ቆመዋል፤ ረዳቶች "ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች" ይላሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ኢብራር ይራገም ነበር። ያን ቀን ግን መንገዱ እንዳይከፈት ነበር የሚመኘው። ዊዳድ እጇን አየር ማስወጫው ላይ አድርጋ የስልኳን ሰዓት ታያለች።

"ሠላሳ ደቂቃ" አለች።

ኢብራር መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"አርባ።"

ከፊት ያለው አውቶቡስ ጥቂት ተንፏቆ ቆመ። የመኪናው ጣሪያ በፀሐይ ሲግል ይሰማቸዋል። ሃምሳ ሆነ። ሃምሳ አምስት። ከዚያ ዊዳድ ደቂቃ መቁጠሩን ተወችው፤ ሻሿን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ትንሽ ቀንስልኝ" አለችው። "በረደኝ።"

ኢብራር መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እያለቀሰ መሆኑን አየች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋ። ዊዳድ የወንድሟን ጀርባ እየመታች "ንዳ እንጂ፤ ሰው እየሰደበን ነው" አለችው፤ እሷም ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

ለጋሽ የኔሰው ተመልሰው ሲነግሯቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኮምፕሬሰሩ አንድ ቀን ማርጀቱ አይቀርም" አሉ። "የዚህ ሳምንት ጉዳይ ግን አይደለም። ሙሽራውን እንኳን ደስ ያለህ በሉልኝ።"

እሁድ ሲነጋ ወይዘሮ ሰዓዳ ዱዓ አድርገው ሸኟቸው። አዳማን አልፈው ወደ ቆላው ሲወርዱ ፀሐይዋ ከረረች። ዊዳድ መስታወቱን በጣቷ ብትነካው ይፋጃል፤ ውስጡ ግን የኮልፌ ጠዋት ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ ከከተማ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። የፈንታሌን ተራራና መንገዱ ዳር የተኛውን የበሰቃን ሐይቅ ስታይ ኢብራርን ቀስ ብሎ እንዲነዳ ለመነችው።

ሰርጉ ቤት ሲደርሱ ያደሳ በሙሉ ልብሱ እየሮጠ ወጣ። ዊዳድ በሩን ልትከፍት ስትል በእጁ ከለከላት፤ ዞሮ ሄዶም ሙሽራይቱን አልማዜን ከነቬሎዋ ይዟት መጣ። ሁለቱም ከኋላ ወንበር ገቡ። ቬሎው መኪናውን ሞላው።

"እኛም እዚህ እንቀመጥ" አለ ያደሳ። "ድንኳኑ ውስጥ እየቀለጥን ነው።"

አልማዜ ጫማዋን አወለቀች። ስለዊዳድ ብዙ ሰምታ ስለነበር እንደ ቆየ ጓደኛ ነው ያወራቻት። ኢብራር በኋላ ማያ መስታወቱ የያደሳን እጆች አየ፤ ጠባሳው ከኮቱ እጅጌ ሥር ብቅ ብሏል።

"ያደሳ" አለ ወደ ፊት እያየ። "እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም።"

"ይዘሃት መጣህ አይደል" አለ ያደሳ። "በቃኝ።"

ሚዜዎቹ መስኮቱን እየቆረቆሩ ሙሽሮቹን እስኪወስዷቸው ድረስ አራቱም እንደዚያው ተቀምጠው ነበር። ዊዳድ ምሳዋን እዚያው በላች። ወደ አሥራ አንድ ተኩል ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅና ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲመጣ ሻሿን በውኃ አርጥባ ከመኪናው ወረደች። አልማዜ ከሩቅ አይታት መጥታ እጇን ያዘቻትና ወደ ጭፈራው ወሰደቻት።

ኢብራር ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ጋደም እንዳለ ስልኩ ጠራ። እናቱ ነበሩ።

"እሷስ ደህና ናት?" አሉት።

"እየጨፈረች ነው፣ እማዬ።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ። "ተዋት እንግዲህ፤ ትጨፍር። አንተም ሂድና ብላ።"