የእትዬ ስሜነሽ ፌስታል

ደንቆሮ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እንጅባራ ውስጥ ደንቆሮ ያላለኝ አልነበረም። ፊት ለፊቴ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ይሰማኛል። የሒሳብ መምህሬ ቢሻው ግን ጀርባውን ለእኛ፣ ፊቱን ለሰሌዳው ሰጥቶ ነው የሚያስተምረው። ከሰሌዳው ጋር ምን እንደሚያወሩ እነሱ ያውቃሉ።

አንድ ድርጅት የመስሚያ መሣሪያ ሰጠን። መምህሩ ማይኩን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ እኔ ሌላውን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ፤ ወዴትም ቢዞር ድምፁ ጆሮዬ ይገባል ተባለ። ገባም። ክሽክሽክሽ! ሙሉውን ክፍለ ጊዜ አይጥ ገለባ ውስጥ የምትራወጥ ነው የሚመስለው። አልፎ አልፎ የሰው ድምፅ ብቅ ይልና መልሶ ይሰምጣል።

«ቲቸር፣ አይሰማም» ስለው መምህር ቢሻው ያፈጥብኛል። «ላለማጥናት ሰበብ ነው!» ይላል። ለእኔ ግን ነገሩ የሞት ሽረት ነበር። አባቴ አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል አክሳይ ነው፤ እኔ እንጅባራ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ነው የምማረው። «የስምንተኛን ፈተና ካለፍሽ ትማሪያለሽ፤ ከወደቅሽ ከሰሉ ይጠብቅሻል» ብሎኛል፣ አባቴ ደግሞ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ይህንንም ለመምህር ቢሻው ነግሬዋለሁ። «ታዲያ አጥኚ!» አለኝ።

በሁዳዴ መሐል ድርጅቱ ባለሙያ ላከ። መሣሪያው ለእኔ አልሠራም ከተባለ ለሌላ ትምህርት ቤት ሊሰጥ ነው። ዳይሬክተራችን አቶ ሽባባው፣ መምህር ቢሻውና የንብረት ክፍሏ እትዬ ስሜነሽ እኔን ክፍላችን ውስጥ እንደ ተከሳሽ መሐል አስቀምጠው ቆሙ።

ባለሙያው ባትሪ ቀየረ። እፍ አለበት። ከዚያ በመዳፉ ጠፈጠፈው፤ በእኛ አገር ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም፣ ልጅም የሚጠገነው በጥፊ ነው። በመጨረሻ ማይኩን ራሱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ሄሎ፣ ሄሎ» አለ። ክሽክሽ።

«መሣሪያው ደህና ነው» አለ ወደ አቶ ሽባባው ዞሮ። «ችግሩ ጆሮዋ ነው።»

ወይ አንተ! ችግሩ ጆሮዬ መሆኑንማ እናቴም ታውቃለች፤ ለዚህ አይደል እንዴ የመጣኸው!

ሥራውን የጨረሰ መስሎት በፌስታል የቋጠረውን ቆሎ ከኪሱ አወጣና እጁን ከተተ። ወዲያው ጆሮዬ ውስጥ ያችው አይጥ ተራወጠች። ፌስታሉን አየሁ። ማይኩን አየሁ። ማይኩ ከላይ እስከ ታች በፌስታል ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሽጓል።

ሁላችንም በየቀኑ እናየው ነበር። ማን ልብ ይበል? የአክስቴ ሪሞት በፌስታል ነው፤ የዚህ የባለሙያው ሞባይል ራሱ በፌስታል ነው። አዲስ ዕቃ እኛ ዘንድ ራቁቱን አይወጣም።

ተንደርድሬ ሄጄ የማይኩን ፌስታል በጥርሴ ያዝኩት።

«ኧረ በማርያም! ተይ ልጄ!» አለች እትዬ ስሜነሽ ጭንቅላቷን ይዛ። «የጠመኔ ብናኝ ይገባበታል! በእኔ ስም ነው የወጣው፤ በገዛ እጄ ነው የጠቀለልኩት!»

ተቀደደ። አይጧ ጠፋች። «አሁን ይሰማል!» አልኳቸው።

አቶ ሽባባው ግን አላመነም። «አፍ እያየች ነው የምትሰማው» ብሎ ፈተና አዘዘ። መምህር ቢሻው ማይኩን ይዞ ወደ ውጭ፣ ከክፍሉ ግድግዳ ጀርባ ሄዶ የፈለገውን ይናገር፤ እኔ ቃል በቃል ካልደገምኩ መሣሪያው ዛሬውኑ ይሄዳል። መምህር ቢሻው ለብርዱ ኮቱን ቆልፎ እየተነጫነጨ ወጣ።

መጀመሪያ እርምጃው ተሰማኝ። ቀጥሎ ሆዱ ጮኸ፤ ሰውዬው ጾመኛ ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ጥርት ብሎ፣ አጠገቤ የቆመ ያህል። አሁንም አትሰማኝም ብሎ ነው መሰለኝ ለራሱ ነበር የሚያወራው።

«እህ፣ ምን አለ?» አለኝ አቶ ሽባባው።

ቃል በቃል ተብያለሁ። ጆሮው የከበደ ሰው ደግሞ ድምፁን አይመጥንም። ጮኼ ደገምኩት፦

«‹ይሄ ቦርጫም! ሁዳዴን እጾማለሁ እያለ ጓሮው የዶሮ ላባ ይበናል። ለልጅቷ ሲሆን ግን ሕግ ያውቃል። መሣሪያውን ካስወሰደው ከሰል ሊያስለቅማት ነው። አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ እንጂ፣ እባክሽ!›»

ባለሙያውን ቆሎው ትን አለው። እትዬ ስሜነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። የአቶ ሽባባው ፊት በርበሬ መሰለ።

መምህር ቢሻው ገባ። ጩኸቴን ከግድግዳው ማዶ ሰምቶታል፤ ላብ አጥምቆታል።

«ምን ነበር ያልከው?» አለው አቶ ሽባባው ጥርሱን ነክሶ። «መቼም የሒሳብ ነገር ነው የተናገርከው፣ አይደል?»

የማምለጫውን በር ወለል አድርጎ ከፈተለት። አዎ ካለ እሱ ይድናል፤ እኔ ውሸታም ደንቆሮ ተብዬ አዲስ ቅዳም እገባለሁ። መምህር ቢሻው ትክ ብሎ አየኝ። እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

«ያለችውን ነው ያልኩት» አለ። «ቃል በቃል። አንዲት አልሳተችም።»

አቶ ሽባባው በሩን አላትሞ ወጣ። ባለሙያው እያሳለ መሣሪያው እዚሁ ይቆይ አለ። እትዬ ስሜነሽ የተቀደደውን ፌስታል አጣጥፋ ኪሷ ከተተች፤ ለሌላ ዕቃ ይሆናል።

መምህር ቢሻው ጠመኔ አንስቶ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠኝና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«ከዛሬ ጀምሮ አልሰማሁም ማለት ቀረ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሰማሁ፣ ቲቸር» አልኩት።