በአምስት ዓመቴ የተሰፋልኝ ጋዋን

እኔ ሐኪም የሆንኩት በአምስት ዓመቴ ነው። ፊደል ሳልቆጥር፣ የጫማዬን ግራና ቀኝ ሳልለይ፣ ደጋው ላይ ባለችው ቡሌ፣ አያቴ ቤት በተደረገ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ሐኪም ሆኜ ተመለስኩ። እናቴ እንደምትለው ከሆነ፣ እማማ አትጠገብ የሚባሉ የአያቴ ጎረቤት፣ በመንደሩ በጸሎታቸው የታወቁ ሴት፣ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ብዙ ከቆዩ በኋላ «ይህችን ልጅ ነጭ ልብስ ለብሳ አየኋት» አሉ። እናቴ አለቀሰች። ነጩ ልብስ ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። የወፍጮ ቤት ሠራተኛም ማታ ማታ ነጭ ለብሶ ነው የሚወጣው፤ እሱን ግን ማንም አላሰበውም።

እናቴ ወደምንኖርበት ዲላ በተመለሰች በማግስቱ የጋሽ ሙሐሲን ጨርቃ ጨርቅ መደብር ሄዳ ነጭ ቴትሮን አስቀደደች። ልብስ ሰፊው «ለማን ነው?» ቢላት ወደ እኔ ጠቆመች። «ታዲያ ልለካት?» ሲል «አይ፣ ስትደርስ በሚሆናት ልክ ስፋው» አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት በእናቴ ልክ ሰፋው። ጋዋኑ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥናችን ውስጥ ተሰቅሎ ኖረ። በየዓመቱ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ናፍታሊን ኪሱ ውስጥ ተጨምሮለት ይመለሳል። እኔ አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ሳጥኑ ውስጥ የሚያድግ ይመስለኝ ነበር።

ሰፈሩም ሹመቴን ተቀበለ። ጋሽ ሙሐሲን በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር «ዶክተር!» ይለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጎረቤታችን ጋሽ ጉግሳ ወገባቸውን ይዘው «ጎንበስ ስል ይወጋኛል፣ ምን ይሻለኛል?» ብለው ጠየቁኝ። ደንግጬ «ውሃ ይጠጡ» አልኳቸው። ተሻላቸው! ይኼ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አባሰው።

ችግሩ እኔ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ መሆኔ ነው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ መውረጃዬን አልፌ እሄዳለሁ። ድንች እየላጥኩ ልጣጩን ድስት ውስጥ፣ ድንቹን ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ። እናቴ «ልብሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» ትላለች። የጋሽ ሙሐሲን ልጅ ሐያት፣ አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጠው ጓደኛዬ፣ አስተማሪ ስሜን ጠርቶ ካልሰማሁ «ሮሆቦት ለጊዜው ኔትወርክ የላትም፤ ቆየት ብለው ይሞክሩ» ብላ ክፍሉን ታስቃለች።

የምሄድበት ቦታ አንድ ነው። ቀስ ብዬ ከመሬት እነሳለሁ። ከገበያው ሸራ በላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው በላይ እወጣለሁ፤ የሞያሌ መንገድ ከሥሬ ይረዝማል፣ የጭነት መኪኖቹ ድምፅ ይርቃል። ከዚያ አረንጓዴው ይጀምራል። ቡና ከጥላው ሥር፣ ጥላው ከደመናው ሥር፣ እያለ ወደ ደጋው ይወጣል። እኔም አብሬው እወጣለሁ። ማንም አይጠራኝም፤ ማንም «ዶክተር» አይለኝም። በጣም ደስ ይለኛል።

አሥረኛ ክፍል ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር ጥበቡ ያንን ህልም በስልኩ ይዞት መጣ። ከሰማይ የተነሳ የአካባቢያችን ምስል ነው። «ቤታችሁን ፈልጉ» አለን። ሁሉም የዲላን ቆርቆሮ እየቆጠረ ቤቱን አገኘ። እኔ ቡሌ የአያቴን ቤት ፈለግኩ። አረንጓዴ ብቻ ሆነብኝ። እንሰቱና ቀርከሃው ቤቱን ውጦታል፤ መንገዱም የለም፣ ምንጩም የለም፣ አያቴም የለችም።

«ቲቸር፣ ይኼ እኮ ሰው የለም ይላል» አልኩት።

«እሱ የሚያውቀው ከላይ ያለውን ነው» አለኝ፤ «ከሥር ያለውን የሚያውቅ ሰው ረግጦ ይሣለው።»

ለእኔ ብሎ የተናገረው አይመስለኝም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ተማሪ ዞረ። እኔ ግን ያን ቀን ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ። ከዚያ ወዲያ ቡሌ በሄድን ቁጥር ከአያቴ ደጅ ምንጩ ድረስ፣ ከምንጩ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እየቆጠርኩ የባዮሎጂ ደብተሬ መጨረሻ ገጾች ላይ መንደሩን መሣል ጀመርኩ።

ሰኔ ላይ ቅጹ ታደለን። ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ? ከሁለት ሣጥኖች አንዱ ውስጥ ምልክት፣ ከታች የወላጅ ፊርማ፣ ሰኞ ተመላሽ። አሥራ አንደኛ ክፍል በዚያ ይከፈላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜም እንደዚያው። ሐያት ፋርማሲስት መሆን ስለምትፈልግ ሳትቀመጥ ተፈጥሮ ላይ ምልክት አደረገች። የእኔ ባዶ መሆኑን ስታይ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ምን ታስቢያለሽ? ጋዋንሽ እንኳ ተሰፍቶ አልቋል።»

ባዮሎጂ ዘጠና አንድ አለኝ። ደምም አያስፈራኝም። ቢያስፈራኝ ኖሮ በተገላገልኩ! አለመፈለግ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ቢያንስ እኛ ቤት።

ዓርብ ማታ እናቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «ቅጹን አምጪው ልፈርም» አለች። የከተማው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ያልተፈረመ ወረቀት ቤቷ ሲያድር እንቅልፍ አይወስዳትም።

«እማ፣ ሶሻል ብገባስ?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናቴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ገብተሽ ምን ልትሆኚ?»

«ካርታ መሥራት እፈልጋለሁ።»

«ካርታ? መንገዱ የጠፋበት ሰው ማን ነው?» አለች። ተቆጣች ብዬ ነበር፤ ዓይኗን ሳይ ግን የፈራች ናት። «እግዚአብሔር የተናገረውን እኔ ልሰርዘው ሮሆቦት? አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩትን?»

አባቴ ጴጥሮስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሞያሌ ነበር። ደውዬ ብነግረው «እኔ እናትሽ ካለችው አልወጣም» አለና መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም አቋረጠው።

ተኝቼ ሳስብ አንድ ነገር ከነከነኝ። እማማ አትጠገብ አሉ፣ ጤነኛ ናቸው፣ ቤታቸው ከአያቴ ቤት አርባ ስድስት እርምጃ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ሄዶ አልጠየቃቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት «አያቴን ልያት» ብዬ ወጣሁ። ቡሌ ስደርስ ጉም ነበር። መኪናው ካወረደኝ ቦታ ጀምሮ ያለውን ጭቃ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ እጄን ብዘረጋ ጣቶቼ ይጠፋሉ። እንሰቱ አንድ አንድ እያለ ከጉሙ ይወጣና መልሶ ይገባል። የሆነ ቦታ ሰው ያስላል፣ የሆነ ቦታ ልጅ ይጠራል፤ አይታዩም። ህልሜ ወደ መሬት ወርዶ እኔ ውስጡ የምሄድ መሰለኝ። ፍርሃት ግን አልነበረኝም። ቁጥሩን ስለማውቅ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን እደርሳለሁ።

እማማ አትጠገብ ጓሯቸው ውስጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይቆርጣሉ። አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ»፣ «እሱ» ነው የሚሉት።

«የመሰረት ልጅ አይደለህም? ይኼን ያህል አደግህ!»

ጉንጬን ሳሙኝ። ሌላ ወሬ ብጀምር ድፍረቴ እንደሚጠፋ ስላወቅኩ ቶሎ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ያኔ ሲጸልዩልኝ ሐኪም ሆኜ ነው ያዩኝ?»

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ሐኪም? ማን አለ ሐኪም?»

«እናቴ።»

«እናትህ ይበል። እኔ አላልኩም።» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንደገና የሚያዩኝ ይመስሉ ነበር። «ነጭ ልብስ ለብሰሃል። ትስቃለህ። ሆድህን ይዘህ ነው የምትስቀው! እኔም ጸሎት ላይ ቆሜ ሳቅ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ትልቁ ነገር ሳቁ ነው። እናትህ ልብሱን ይዞ ሮጠ፣ ሳቁን እዚህ ጥሎት ሄደ።»

«ለምን አልነገሯትም ታዲያ?»

«ነገርኩት። ያለቅሳል እኮ። የሚያለቅስ ሰው ይሰማል?»

ስልኬን አውጥቼ «አሁን ደውዬላት ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ስልኩን በእጃቸው ጀርባ ገፉት።

«እኔ አንድ ጊዜ ተናገርኩ። አሁን ያንተ ተራ ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ በልተን እናቴ ሳህኖቹን ስታነሳ ነገርኳት። ቃል በቃል፤ ከንፈራቸውን መንከሳቸውን እንኳ አላስቀረሁም። ሳህኖቹን አስቀመጠች። «ዋሸሽ» እንድትለኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ጋዋኑን አወጣች።

«ልበሺው።»

ለበስኩት። እጅጌው እጄ አንጓ ላይ፣ ጫፉ ጉልበቴ ላይ አረፈ። ሳላውቀው ደርሼበታለሁ። እናቴ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችልኝና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችኝ።

«እስቲ ሳቂ» አለች።

ሞከርኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከልቤ ሞከርኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሳል ነው። ከሳሉ በኋላ እንባዬ መጣ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሰምቼው ነበር» አለች በዝግታ። «ሳቁንም ብለውኛል። ሳቅ እንጀራ አይሆንም ብዬ ተውኩት። ነጩን ልብስ ግን መያዝ እችል ነበር፤ ሄጄ ገዛሁት።»

ተናደድኩባት፤ አሳዘነችኝም፤ የቱ እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ጀመረው።

«ያንን የምትሞነጫጭሪውን አምጪው እስቲ።»

ደብተሩን አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያደገችበት መንደር ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ተዘርግቶ አይታው አታውቅም። ጣቷን አያቴ ደጅ ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች ሄደች፤ ቀርከሃውን አለፈች፣ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንጩ።»

«ምንጩማ እዚህ አይደለም። ከዚህ በታች ነው።»

«እማ፣ ረግጬ ቆጥሬዋለሁ። ሁለት መቶ አሥር እርምጃ።»

«በማን እግር? እኔ እንስራ ተሸክሜ ያደግኩበትን ልታስተምሪኝ ነው?» ልትፈርምበት ያዘጋጀችውን እስክሪብቶ አንስታ ምንጬን ሰረዘችና ሌላ ምንጭ ሠራች። ቀጥላ ከመንገዱ ዳር አንድ ነገር መሣል ጀመረች። አራት እግር፣ አንድ ጀርባ።

«ወንበር ነው?»

«ምን ወንበር! ቡሬ ናት፣ ላማችን።»

«ላም ካርታ ላይ አትገባም እኮ።»

«ለምን አትገባም? ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትቆመው። ሰው ሲመጣ እሷን አይቶ ነው የሚታጠፈው።»

«አሁንም አለች?»

«ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው» አለች እናቴ፣ ኮስተር ብላ፤ ቀንድ እየጨመረችላት።

ቀንዱ ወንበሩን የባሰ ወንበር አደረገው። ሳቅ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ከሆዴ ነው የተነሳው። ትራሱ ላይ ወደቅኩ፣ ሆዴን ያዝኩ፣ «መንገደኛው ቡሬ ጋ ሲደርስ ይቀመጥባት?» ብዬ እንደገና ፈነዳሁ። የጋዋኑ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ።

እናቴ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ ታየኛለች፤ መጀመሪያ ነጩን ልብስ፣ ቀጥሎ ፊቴን፣ እንደገና ልብሱን። አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳቄ እስኪያልቅ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ቅጹን ከጠረጴዛው አንስታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ እስክሪብቶውንም አስጨበጠችኝ።

«ምልክቱን አንቺ አድርጊ» አለችኝ። «የእኔ ቦታ ከታች ነው።»