የሁለት አሰልጣኞች ሜዳ

«ሦስተኛ ዶሮ» አለች ኦፓል፣ ትሪውን ከፍ አድርጋ ከሥሩ የተለጠፈውን ስም እያነበበች። «ይሄኛው ከሜቶዲስት ቤተክርስቲያን የመጣ ነው። ሰው በሞተ ቁጥር ዶሮ ምን እንዳጠፋ አላውቅም።»

ቨርና ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። ባሏ ዴልማር ታርቨር ካረፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጎረቤቷ ኦፓል ከትናንት ጀምሮ ማድ ቤቱን ተረክባ፣ የሚመጣውን ምግብ ትቀበላለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ ለቅሶ ደራሹን ታስቀምጣለች።

«ኮሌጁ ደግሞ ደውሎ ነበር። የቅዳሜው ሽኝት ስታዲየሙ ውስጥ ይሁን ነው የሚሉት። ስሙ በሩ ላይ ተጽፎ እያለ…»

«አይሆንም» አለች ቨርና።

የበክነርና ታርቨር የቤዝቦል ስታዲየም የከተማው ኩራት ነው። ሮይስ በክነር ዋና አሰልጣኝ፣ ዴልማር ምክትሉና የኳስ ወርዋሪዎቹ አስተማሪ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዴልማር ግን ስሙ ከተጻፈ ጀምሮ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ በር አንድም ቀን አልገባም። ጨዋታ ባለ ቁጥር መኪናውን ከሜዳው በግራ በኩል ካለው አጥር ጀርባ፣ ጥዶቹ ሥር አቁሞ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። ቨርና አጠገቡ ቁጭ ብላ የጋዜጣውን እንቆቅልሽ ትሞላለች። ዱላው ኳሷን ሲመታ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ይቺስ አጥሩን አልፋ ሄደች» ይላል፤ ወይም «ተያዘች»። ሕዝቡ ከመጮሁ በፊት ያውቃል።

«ለምን አንገባም?» ብላው ነበር አንዴ።

«እዚህ ይሻለኛል» አላት። ምክንያቱን የምታውቅ ስለመሰላት ደግማ አልጠየቀችውም።

የመሰላት ምክንያት ሎኒ ፕሩት ነበር። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ሎኒ የኮሌጁ ቡድን ወርዋሪ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ውርወራውን ለማየት ከሩቅ ከተማ ሰዎች ይመጣሉ። በዋንጫው ቀን ደክሞት እግሩ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ዙር ተጨምሮበት ወረወረ፤ ክርኑ ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልያዘም። በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ሮይስ፣ «ወርዋሪ የሚያስገባውም የሚያስወጣውም ታርቨር ነው» አለ። ዴልማር ቃል አልተነፈሰም። ሰኔ ላይ ሥራውን ለቀቀና ጡረታ እስኪወጣ ለተማሪዎች መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖረ።

ቨርና ያኔ ተቆጥታው ነበር። «ሂድና የልጁን እናት ይቅርታ ጠይቅ። አለዚያ እሑድ ቤተክርስቲያን አጠገቧ መቀመጥ አልችልም።» ዴልማር ትንሽ አያትና ተነሣ። ከረባቱን አሰረችለት። በእግሩ ሄደ። ሲመለስ «ጠየቅኋት» ብሎ እጁን ታጠበ። ስለዚያ ጉዳይ ዳግመኛ አላወሩም።

ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ያንኑ ነበር የሚያንሾካሹኩት። «በክነር ይመጣል ይሆን?»

«በምን ዓይኑ?»

ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ኦፓል በመስኮት አየችው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ምርኩዙን ተደግፎ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«ሩብ ሰዓት ሆነው። ደወሉንም አልነካው። ላባርረው?»

«ሊዘንብ ነው። አስገቢው።»

ሮይስ የዴልማርን ወንበር ትቶ ከእንጨት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቨርና ፎጣ እያጠፈች ነበር።

«ቨርና፣ ያን ቀን ዴልማር ‹ልጁን አውጣው› ብሎኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። በሁለተኛው ክንዴን ይዞ ነው የለመነኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ጋዜጣው ላይ ግን…»

«ዋሸሁ። ያን ሰሞን ባለቤቴን ኤድናን ካንሰር ይዟት ነበር። ወጪዋን የሚከፍለው የኮሌጁ የጤና መድን ስለነበር፣ ሥራዬን ባጣ ሕክምናዋም አብሮ ይቀራል። ዴልማር ይሄን ያውቃል። በማግስቱ ቢሮዬ ሲገባ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ጠበቅሁት። ‹ኤድና እንዴት አደረች?› ብሎኝ ወጣ።» አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። «አሥራ አንድ ዓመት ኖረችልኝ። ሜዳውን በኔ ስም ሊሰይሙት ሲሉ የሱ ካልተጻፈ የኔም አይጻፍ አልኩ። ውለታውን የመለስኩ መስሎኝ ነበር። እሱም የዝምታው ዋጋ መሆኑ ገብቶታል፤ ለዚህ ነው በበሩ ያላለፈው።»

ፎጣው ሳይታጠፍ ቨርና እጅ ላይ ቀረ። «እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

«ወዴት?»

«የሎኒ እናት ዘንድ። ይቅርታ ጠይቅ ብዬ። ባልሠራው ጥፋት።»

ሮይስ ይህን አልሰማም ነበር። አንገቱን ደፋ። ማድ ቤት የኦፓል ሳህኖች ድምፅ ጠፋ።

ቨርና፣ «ሎኒስ ያውቃል?» አለችው።

«ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው።»

«ደግ አደረገ።»

«መልሶ ከፈተና፣ ‹የሬሳ ሳጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ በላት› አለኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ሕዝቡ ፊት ልናገረው እፈልጋለሁ። አንቺ ከፈቀድሽ።»

ቨርና አሰበች። ዴልማር ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለውን ነገር፣ ገና ሳይቀበር ማውራት ከበዳት።

«ዝም ያለው ለኤድና ነው» አለች በመጨረሻ። «ኤድናን ከእንግዲህ የሚነካት የለም። ተናገር። ቤተክርስቲያን ግን አይሁን፤ እዚያው ሜዳው ላይ ቆመህ ተናገር። ኦፓል፣ ለኮሌጁ ደውይላቸው።»

ቅዳሜ መቀመጫው ሁሉ ሞላ። ሮይስ ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ምንም ሳያሳምር ተናገረ። ያጨበጨበም የሰደበም የለም። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ።

ሎኒ ሳጥኑን በግራ እጁ ተሸክሞ ሣሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ቨርና ጎን መጥቶ ቆመ። ፀጉሩ ሸብቷል። ቀኝ ክንዱ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለማይዘረጋ ደረቱ ላይ እንደታጠፈ ነው።

«እትዬ ቨርና፣ እኔንም እኮ ጠይቆኝ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹ደክሞሃል?› ብሎኝ ነበር። ‹አልደከመኝም› አልኩት።»

«የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርክ» አለችው።

ፓስተሩ ጸሎት ጀመረ። ቨርና እጇን ሰዳ ያን የታጠፈ ክርን በሁለት መዳፏ ያዘችው፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም አልለቀቀችውም።