ባለቤት ያልቆመበት በር

ቁልፍ ሠሪው የማይጥሰው አንድ ሕግ ነበረው፤ ባለቤቱ አጠገቡ ካልቆመ የማንንም በር አይነካም። ሽርካው ፈንድሻ በዚህ ሲያሾፍበት ነው የኖረው። ፈንድሻ የተባለው ነጭ ፈረንጅ ስለሆነና በትንሽ በትልቁ ስለሚስቅ ነው። እሱ የሰው በር ብቻውን ሲሰረስር ጎረቤት «እንደምን ዋልክ» ብሎት ያልፋል። ጥቁሩ ቁልፍ ሠሪ ግን የገዛ ሱቁን ሲከፍት እንኳ መታወቂያ ተጠይቋል።

የዛን ዕለት ጠዋት የደወለችው ሴት እያለቀሰች ነበር። እናቷ ቤት ውስጥ ወድቀዋል፣ በሩ ተቆልፏል፣ እሷ ደግሞ ከከተማው ወዲያ ጫፍ ናት። «እኔን አትጠብቁ፣ ዝም ብላችሁ ክፈቱት!» አለች።

ፎቁን ወጥተው ሲደርሱ አሮጊቷ የወደቁት እዚያው በሩ ሥር ነው፤ ማቃሰታቸው ይሰማል። በመሰርሰሪያ ቢሞከር ብረቱ እላያቸው ላይ ይረግፋል። ሥራው ቀጭን ሽቦና የሰለጠነ እጅ የሚፈልግ ነው፤ ፈንድሻ ደግሞ እንዲህ ላለው ነገር አልታደለም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለ ፈንድሻ።

«ልጅቷ ትድረስ።»

«ሰውዬ፣ ሴትዮዋ ሊሞቱ ነው እኮ! ማን ምን ይለናል?»

«አንተንማ ማንም ምንም አይልህም።»

ፈንድሻ ሊስቅ ብሎ ተወው። ከወዲያ ማዶ አንድ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያያቸው ቆየና ስልኩን ከኪሱ እያወጣ ቀስ ብሎ ዘጋው። ቁልፍ ሠሪው ይህን አይቷል። ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ። መሮጥ አማረው። ውስጥ ያለው ማቃሰት ግን እየሳሳ ሄደ።

«በቃ፣ የመጣው ይምጣ» አለና ተንበረከከ።

ሽቦዎቹን አስገብቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቁልፉ ሊዞርለት ምንም ሳይቀረው ደረጃው በቡት ጫማ ተናጋ።

«እጅህን! እጅህን አሳየኝ!» አለ አንድ ፖሊስ ከኋላው።

ሽቦውን ከለቀቀ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ካልለቀቀ ደግሞ እጁ ላይ የሚያብረቀርቀው ብረት መሣሪያ ይመስላል። ዞሮ ባያይም ሽጉጥ እንደተደገነበት አውቋል። ሽቦውን ለቀቀና እጁን አነሳ። ወዲያው እጆቹ ከፊቱ በካቴና ታሰሩ።

ፖሊሱ ቀና ሲል ክንድ የሚያህል መሰርሰሪያ ይዞ የቆመውን ፈንድሻን አየ። «ጌታዬ፣ ደህና ነዎት? ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?»

«ባልደረባዬ ነው!» ብሎ ጮኸ ፈንድሻ። የሳቅ ጭላንጭል ፊቱ ላይ አልነበረም። «ሰው ወድቆ ነው! ሊከፍትላቸው ነው!»

ከበሩ ኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ አቃሰተ። ፖሊሱ አመነታ።

«እሺ፣ ክፈተው።»

«ካቴናውስ?»

«በሩን ክፈተው አልኩህ!»

ሽጉጡ አልወረደም። ቁልፍ ሠሪው በታሰሩ እጆቹ ሽቦዎቹን ከመሬት ለቀመ። ሽቦው ሁለቴ አመለጠው። በመጨረሻ ቁልፉ ዞረ።

አሮጊቷ ወለሉ ላይ እንደተዘረጉ መጀመሪያ ያዩት የሱን ፊት ነው።

«ኮቴያችሁን እሰማ ነበር» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ቆማችሁ?»

እጆቹን ከጀርባው ሊደብቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ፈርቼ ነው፣ እማማ።»

«የወደቀች አሮጊት ምኗ ያስፈራል?»

ፖሊሱ የካቴናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ መፈለግ ጀመረ።